ከኋላዬ የቀረው ሳይክለኛ

እኔና እሱ አንድ ፋብሪካ ውስጥ የጥገና ሠራተኞች ነበርን። ሥራው በፈረቃ ስለሆነ የእረፍት ቀናችን ማክሰኞ ላይ ወድቆ ነበር። ሌላው ሰው ሁሉ ሥራ በሚውልበት ቀን እኛ ሁለታችን ነፃ ነን፤ ያቀራረበን ይኸው ነው። ሚስቱ ቢሮ፣ ልጁ ትምህርት ቤት ትውላለች። እኔ ያኔም እንደ ዛሬው ብቻዬን ነው የምኖር። ስለዚህ በየማክሰኞው ሳይክላችንን ይዘን ከባሕር ዳር እንወጣለን። አስፋልት አንወድም ነበር። ከአየር ማረፊያው ወዲያ ወደ ምዕራብ የሚታጠፈውን ኮረኮንች ይዘን፣ አንዴ በእርሻው መሐል፣ አንዴ በሐይቁ ዳር እያልን፣ ክንዳችን እስኪደነዝዝ ድረስ ድንጋይ ለድንጋይ እንነዳለን።

እሱ የጎርጎራ ልጅ ነው። ሐይቁን የሚያውቀው ከማዶ ነው። «አንድ ቀን በቁንዝላ በኩል ጣናን ዞሬ አገሬ በሳይክል እገባለሁ፤ እናቴ በራፍ ላይ ደወል ስደውልላት ፊቷን ማየት ነው የምፈልግ» ይል ነበር። እኔ አብሬው እንደምሄድ ነግሬዋለሁ። መቼ እንደሆነ ግን ተነጋግረን አናውቅም።

ሳይክሉ ማውንቴን የሚባለው ዓይነት ናት፤ ከሰው እጅ የገዛት፣ ቀለሟ የለቀቀ፣ ከባድ ብረት። ማርሿ ሲበላሽበት ዕቃ ከሚፈልግ ብሎ ሰንሰለቷን አሳጠረና በአንድ ማርሽ ብቻ እንድትሄድ አደረጋት። የኔዋ አዲስ ናት፤ ማርሿ ይሠራል፣ ጎማዋም ጥርሱ አላለቀም። በኔዋ ማርሽ ይስቅብኛል። «የኔ ሲበላሽ አያስቸግረኝም፤ አንዴ ተበላሽቶ ጨርሷል» ይለኛል።

ሰኞ ማታ ማታ፣ ገና ሳይመሽ፣ ሹም አቦ ሰፈር ካለው ቤቱ ግቢ ውስጥ ሁለቱን ሳይክሎች ገልብጠን በኮርቻና በመሪያቸው እናቆማቸዋለን። በቆርቆሮ ናፍታ ቀድተን ሰንሰለቱን ባረጀ የጥርስ ብሩሽ እናጥበዋለን፤ በጨርቅ እናደርቀውና ለእያንዳንዱ መገጣጠሚያ አንዳንድ ጠብታ ዘይት እንሰጠዋለን። የፍሬኑን ሽቦ እንወጥራለን። እሱ ጎማውን ያሽከረክርና ጆሮውን ከብረቱ ላይ ያስጠጋል፤ ኩሽኔታው የደረቀ እንደሆነ በድምፁ ያውቃል። ሚስቱ ደጃፍ ላይ ቆማ «ለሰውም እንዲህ ብትጠነቀቁ ምን ነበር!» ትለናለች። ከዚያ ሳሙናና ውሃ ታመጣልናለች። ያ ግቢ ለኔ ከቤቴ ይልቅ ቤቴ ነበር።

አሁን የምነግራችሁ ነገር የሆነው በመጋቢት መጨረሻ ላይ ነው። ሁዳዴ ነበር። እሱ ጾሙን አጥብቆ ይዞታል፤ በሥራ ቀን ቢሆን በእረፍት ቀን፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ድረስ እህልም ውሃም አይቀምስም። እኔ ያን ዓመት ጾሙን የፍስክ ምግብ በመተው ብቻ ነበር የያዝሁት፤ ውሃ እጠጣለሁ፣ ጠዋትም ቁርስ እቀምሳለሁ። እሱ ይህን ያውቃል፤ አንድም ቀን አልተናገረኝም።

መውጣት የነበረብን በማለዳ ነበር። የሱ የኋላ ጎማ ተንፍሶ አደረ። የውስጡን ጎማ አውጥተን በውሃ ውስጥ ቀዳዳውን ስንፈልግ፣ ማስቲሹ እስኪደርቅ ስንጠብቅ ሦስት ሰዓት ሆነ። ያን ጊዜ «እንተወው» ማለት እችል ነበር። አላልሁም። ሳምንቱን ሙሉ ስለዚያች ቀን ሳስብ ነበር የከረምሁት፤ አዲስ ጎማ አስገብቼ ነበርና ዳገቱ ላይ ልሞክረው ቸኩያለሁ። ሁለት ሊትር ውሃ በሁለት ጠርሙስ ቦርሳዬ ውስጥ ከትቻለሁ። እሱ ምንም አልያዘም።

የመጋቢትን ፀሐይ የባሕር ዳር ሰው ያውቃታል። ከሐይቁ ነፋስ አልነበረም። አቧራው ተነሥቶ እዚያው ቆሞ ይቀራል፤ ከፊት ያለፈ ሰው አቧራ ከኋላ ለሚመጣው ይተርፈዋል። አምስት ሰዓት ገደማ፣ ከትልቁ ዳገት ሥር ስንደርስ፣ ፊቱን አየሁት። ላብ አልነበረውም። እኔ እንደ ተነከረ ጨርቅ ነበርሁ፤ የሱ ፊት ግን ደረቅና ቀይ ነበር። ይህን አይቻለሁ። ዛሬ ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ፤ ያኔ ጠንካራነቱ መስሎኝ ቀናሁበት።

«እንረፍ እንዴ?» አልሁት።

«አንተ ሂድ፣ ወንድምዓለም። እዛፉ ሥር ጠብቀኝ፤ እደርስብሃለሁ።»

ዛፉ ከዳገቱ ማዶ፣ ቁልቁለቱ ሲያበቃ ሐይቁ ዳር ያለ ትልቅ ዋርካ ነው፤ ሁልጊዜ የምናርፍበት። ሄድሁ። ማርሼን አቅልዬ ዳገቱን ከሳይክሌ ሳልወርድ ወጣሁት፤ ከዚያ በፊት ሳልወርድ ወጥቼው አላውቅም ነበር። ቁልቁለቱን በጩኸት ነው የወረድሁት። እንደዚያ ደስ ብሎኝ የሚያውቀው ጥቂት ጊዜ ነው። ዋርካው ሥር ሳይክሌን ጥዬ አንዱን ጠርሙስ እስኪያልቅ ጠጣሁና በጀርባዬ ተንጋለልሁ። ጥላው ቀዝቃዛ ነበር። ሲመጣ ዳገቱን ሳልወርድ እንደወጣሁት እንዴት እንደምነግረው እያሰብሁ እንቅልፍ ወሰደኝ።

ስነቃ ፀሐይዋ አናቴ ላይ ነበረች። ሰዓቴን ሳየው ስድስት ሰዓት አልፏል። መጀመሪያ የተሰማኝ ንዴት ነው። ጎማው ተንፍሶበት ወይም ጥሎኝ ተመልሶ ይሆናል ብዬ ተነሣሁ። ዳገቱን ከማዶ በኩል መልሼ ወጣሁት። ዳገቱ አናት ላይ፣ ከመንገዱ ወደ ሐይቁ በሚወርድ ቀጭን መንገድ አፍ ላይ፣ ሳይክሏ አጥር ተደግፋ ቆማለች። በመንገዱ ስወርድ ሰው ተሰብስቧል። አንድ ነጭ ጢም ያላቸው ሽማግሌ ጎንበስ ብለው በቅል ውሃ ያፈሳሉ። እሱ ከዳስ ሥር፣ ታንኳ በሚሠራበት የሐይቅ ሣር፣ እርጥብ ደንገል ላይ ተኝቷል። ዓይኑ ገርበብ ብሏል። ስሙን ጠራሁት። ትከሻውን ይዤ ወዘወዝሁት። ሽማግሌው እጄን ቀስ አድርገው አነሡትና «በቃ ልጄ፤ ተወው» አሉኝ።

በባጃጅ ወደ ከተማ ወሰድነው። ሐኪሙ እጁን ይዞ ብዙም አልቆየም።

ሚስቱ ከቢሮዋ እየሮጠች ሆስፒታሉ ግቢ ደረሰች። አላለቀሰችም፤ ከማልቀሷ በፊት ልብሴን በሁለት እጇ ያዘችኝ።

«አብረኸው ነበርህ አይደል? ንገረኝ። አጠገቡ ነበርህ?»

«ነበርሁ» አልኋት።

አንዲት ቃል ናት። እሷን ለማጽናናት ነው እንዳልል፣ እንደዚያ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ልብሴን በያዙት እጆች ምክንያት ነው የዋሸሁት፤ ሌላ መልስ ብሰጥ እንዳይለቁኝ ፈርቼ ነው። ቃሌን ሰማች፣ ለቀቀችኝ፣ ከዚያ መሬት ላይ ቁጭ ብላ ማልቀስ ጀመረች።

ለቅሶው ላይ ውሸቴ ሰው ሁሉ የሚጽናናበት ነገር ሆነ። ከጎርጎራ የመጡት እናቱ ጉንጬን በሁለት እጃቸው ይዘው «አንተ ልጅ፣ እቅፍህ ውስጥ ነው ነፍሱ የወጣች፤ እግዚአብሔር ይስጥህ፤ በሜዳ ብቻውን አልሆነብኝም» አሉኝ። እቅፌ ውስጥ ብዬ አልተናገርሁም ነበር። ወሬው እየሄደ ያፈራው ነው። አላረምሁትም። የአርባው ዕለት ደግሞ አንድ የማላውቀው ሰው ድንኳኑ ውስጥ ታሪኩን ለሌላ ሰው ሲያወራ አጠገቡ ተቀምጬ ሰማሁት። እኔ ውሃ ሳጠጣው፣ እኔ ሳቅፈው፣ እኔ ዓይኑን ስከድነው። ሳህኔን ሳልጨርስ አስቀምጬ ወጣሁ።

ወደ ሥራ ስመለስ መስማት ጀመርሁ። ማሽኖቹ በሚጮኹበት ምንም የለም። በሳይክሌ ብቻዬን ኮረኮንች ላይ ስወጣ ግን፣ ሃያ እርምጃ ያህል ከኋላዬ፣ ጎማ ጠጠር ሲረግጥ ይሰማኛል። የሰንሰለቷንም ድምፅ ለይቼ አውቀዋለሁ። ስቆም ይቆማል። ዞር ስል አቧራው ብቻ ነው። የራሴ ጎማ ድምፅ ከአጥር ሲመለስ ነው ብዬ አጥር በሌለበት ሜዳ ሄጄ ሞክሬዋለሁ። እዚያም አለ። መንፈስ ነው አልልም፤ እኔ ሜካኒክ ነኝ፣ የድምፅ ምክንያት መፈለግ ሥራዬ ነው። የዚህን ግን አላገኘሁትም።

ክረምቱ ሲወጣ ሚስቱ አስጠራችኝ። ቤንዚን ጠፍቶ ታክሲ የማይገኝበት ሰሞን ነበር። የሱን ሳይክል ከጓዳ አውጥታ ግቢው ውስጥ አቁማታለች። አቧራ ለብሳለች፤ የሁለቱም ጎማ ነፋስ ወጥቷል።

«ቢሮ ልሄድባት ነው። ልጅ ሆኜ እነዳ ነበር» አለችኝ። «ኮርቻዋን ዝቅ አድርግልኝ፣ ወንድምዓለም። እሱ እንደሚያደርጋት አድርገህ ሥራልኝ።»

ሠራኋት። ከዚያ ወዲህ በየወሩ የመጀመሪያው ሰኞ እየሄድሁ እጠግንላት ጀመር። ሳይክሏን ገልብጬ ሰንሰለቷን ሳጥብ እሷ በርጩማ አምጥታ አጠገቤ ትቀመጣለች። «እስቲ እንደገና ንገረኝ» ትለኛለች። እነግራታለሁ። ሁለተኛ ስነግራት ከመጀመሪያው የረሳሁት ነገር ይኖራል፤ ታስታውሰኛለች። ሦስተኛ ላይ አዲስ ነገር እጨምራለሁ። ጥላ ሥር እንዳስቀመጥሁት፣ ራሱን ጭኔ ላይ እንዳደረግሁት፣ ስለ ሐይቁ እንዳወራን። ቃሉ ከአፌ ሲወጣ በዓይኔ ይታየኛል፤ ቀስ በቀስ ያልሆነው ከሆነው ይልቅ ግልጽ እየሆነልኝ መጣ። አንዳንድ ሌሊት እውነቱን ለማስታወስ እታገላለሁ።

አንድ ሰኞ ልጁ ከትምህርት ቤት መጥታ ቦርሳዋን ሳታወርድ አጠገባችን ቆመች። ዘጠኝ ዓመቷ ነበር።

«አባዬ ስለ እኔ ምን አለ?» አለችኝ።

እናቷ «ተይው እሱን፣ ግቢ» አለቻት። ልጅቷ አልተንቀሳቀሰችም።

«ስምሽን ጠራ» አልኋት።

«ስንት ጊዜ?»

«ሁለት ጊዜ።»

ራሷን ነቀነቀችና ወደ ቤት ገባች። ያን ቀን የፍሬኑን ሽቦ ከልክ በላይ አጥብቄ የቡሎኑን ጥርስ በላሁት።

ሙት ዓመቱ ሊደርስ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ሚስቱ ቦታውን ማየት እንደምትፈልግ ነገረችኝ። «በባጃጅ አይደለም፤ እሱ እንደሄደ ነው የምሄድ፤ በሱው ሳይክል» አለች። ሙቀቱን፣ ዳገቱን፣ ጾሙን፣ የመንገዱን መበላሸት ሁሉ ደረደርሁላት። እስክጨርስ ጠበቀችኝ።

«ውሃ እይዛለሁ» አለች። «ማክሰኞ ፈቃድ ወስጃለሁ።»

ያን ሰኞ ሌሊት እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። ጠዋት በአሥራ ሁለት ሰዓት ተነሣን። ደህና ትነዳለች፤ ከኋላዋ ሆኜ ስከተላት አቀማመጧ ሁሉ የሱን ይመስለኛል፤ ትከሻዋን እንደሱ ወደ ፊት ትሰብራለች። ድምፁን አሁን ከፊቴ ነበር የምሰማው።

ከዳገቱ ሥር ሰንሰለቷ ተበጠሰ። ወርደን ጥላ ሥር ተቀመጥን። የተሰበረውን መገጣጠሚያ በምስማርና በድንጋይ እየመታሁ ሳወጣ ሰንሰለቷን ከወዲያ በኩል ይዛልኝ ነበር። ፊቷ ከፊቴ ክንድ አይርቅም። ከዚህ የተሻለ ጊዜ አላገኝም ብዬ አሰብሁ።

«እኔ ምልሽ… ያን ቀን…»

«መጀመሪያ ሰንሰለቱን ጨርሰው» አለችኝ። «እዚያው ስንደርስ ትነግረኛለህ።»

ጨረስሁት። ነገሩን ግን አላነሣሁትም። ዳገቱን ሁለታችንም ሳይክላችንን እየገፋን ወጣነውና ከአናቱ በቀጭኑ መንገድ ወደ ሐይቁ ወረድን።

ሽማግሌው ያው ዳሳቸው ሥር ነበሩ። ታንኳ ሠሪ ናቸው፤ ልጆቻቸው ዓሣ ያጠምዳሉ። ደንገሉን በገመድ እያሰሩ ቀና ብለው አዩን። እኔን አላወቁኝም። ሳይክሏን ግን አወቋት፤ ገመዱን አስቀምጠው ተነሡ።

«ይቺ የዚያ ልጅ ናት» አሉ።

«ባለቤቱ ነኝ፣ አባቴ» አለቻቸው። «ያረፈበትን ለማየት ነው የመጣሁ። ውሃ እንደሰጡት ሰምቻለሁ፤ ላመሰግንዎ ነው።»

ሽማግሌው እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው አላህ እንዲያጸናት መረቋት። ደንገል አንጥፈው አስቀመጡንና ሳትጠይቃቸው ማውራት ጀመሩ። እኔ ዳሱ አፍ ላይ ቆሜ ቀረሁ።

«ሳይክሉን እየገፋ መጣና ከላይ አጥሩ ላይ አስደግፎት ወረደ» አሉ። «ሰላም አለኝና ‹በሳይክል ያለፈ ሰው አይተዋል?› አለኝ። አላየሁም አልሁት። ‹ጓደኛዬ ነው፤ ከፊት አለ፤ ሲያጣኝ ይመለሳል› ብሎ እዚህ ቁጭ አለ። ፊቱ አላማረኝም። ውሃ ሰጠሁት። ‹ጾም ነኝ› አለኝ። እኛም እንጾማለን፣ አውቀዋለሁ፤ የታመመ ሰው ግን አይገደድም አልሁት። ቅሉን መለሰልኝ። ራሱ ላይ አፈሰስሁለት። ምራቴን ሰው ጥሪ ብዬ ላክኋት፤ ወንዶቹ ሁሉ ሐይቅ ላይ ነበሩ። አንድ ሰዓት ያህል እኔና እሱ ብቻችንን ቆየን። ዓይኑን ከመንገዱ አልነቀለም። ኋላ ላይ ነገሩ ተደባለቀበት። ጎርጎራ ያለ መሰለው። ‹ጀልባው መቼ ነው የሚገባ?› ይለኛል። አሁን ይገባል እለዋለሁ። መጨረሻ ላይ ቅሉን ሳስጠጋለት ጠጣ። ሁለት ጉንጭ ነው። ወላሂ፣ ከእጄ ነው የጠጣው። ልጄ፣ ከዚያ በኋላ አልተናገረም።»

እሷ አንዴም አላቋረጠቻቸውም። ሲጨርሱ «ሌላ ሰው አልነበረም?» ብላ ጠየቀች፤ ቀስ ብላ፣ ሰዓት እንደምትጠይቅ ሰው።

«ማን ይኖራል? ጓደኛው የመጣው ካለቀ በኋላ ነው።» ያን ጊዜ ቀና ብለው አዩኝ። ትክ ብለው አዩኝ። «አንተ ነህ እንዴ?»

«እኔ ነኝ፣ አባቴ።»

እሷ ወደ እኔ አልዞረችም። ፊቷን ወደ ሐይቁ እንዳደረገች ነው የጠየቀችኝ።

«የት ነበርህ?»

«እዛፉ ሥር።»

«ምን ስታደርግ?»

«ተኝቼ።»

አንዲት ዶሮ መጥታ በደንገሉ ውስጥ ትጭር ነበር። ከዚያ እሷ ተነሣች፤ የሽማግሌውን እጅ ጎንበስ ብላ ሳመች፤ ያመጣችውን ስኳርና ቡና አጠገባቸው አስቀመጠች። ሳይክሏን ይዛ ወጣች። እስከ ከተማ ድረስ ከፊቴ ነዳች። ዳገቱንም ጠራራውንም አንዴ ሳትቆም። ልቀርባት አልደፈርሁም፤ ርቄ እንዳልተዋትም ፈራሁ። ሁለት ሰዓት ሙሉ አንዲት ነጠላና አቧራዋን እያየሁ ተከተልሁ። ዞር ብላ አላየችኝም።

ሙት ዓመቱ ላይ ሄድሁ። ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውስጥ ከሰው ራቅ ብዬ ቆምሁ። ጠበል ጻዲቁን ሳልቀምስ ተመለስሁ። እናቱ ሊያዩኝ እንደፈለጉ ሰማሁ፤ አልቀረብሁም። የወሩ መጀመሪያ ሰኞ መጣ፤ አልሄድሁም። ሁለተኛውም ወር እንደዚያው አለፈ።

ሰኔ ሲገባ፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ የግቢዬ በር ተንኳኳ። እሷ ናት። ሳይክሏን ይዛለች።

«የፊት ፍሬኑ ጎማውን እየነካ ነው» አለችኝ። ወንድምዓለም አላለችኝም። ገብታ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። «እየሠራህ ንገረኝ። ከጠዋት ጀምረህ። የሆነውን ብቻ።»

ካቻቢቴዬን አምጥቼ ሳይክሏን ገለበጥሁ። ነገርኋት። ስለተነፈሰው ጎማ፣ «እንተወው» ስላላልሁት ቃል፣ ላብ ስላልነበረው ፊቱ፣ ዳገቱን ሳልወርድ በመውጣቴ ስለተሰማኝ ደስታ። እስከ እንቅልፌ ድረስ። ፍሬኑ ከተስተካከለ ቆይቷል፤ እጄን የማደርግበት አጥቼ ያንኑ ቡሎን እፈታለሁ፣ አስራለሁ።

«ውሃ ተርፎህ ነበር?»

«አንድ ጠርሙስ። ሙሉ።»

ዓይኗን ጨፈነች። «ለመጨረሻ ጊዜ ስታየው ምን ያደርግ ነበር?»

ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም ነበር። «ዳገቱ ወገብ ላይ ስደርስ አንድ ጊዜ ዞሬያለሁ» አልኋት። «ከታች ቆሞ ነበር። እጁን ወደ ላይ አንሥቷል።»

«ሂድ ነው ወይስ ቁም?»

«ሂድ መስሎኝ ነበር።»

«አሁንስ?»

«አሁን አላውቅም።»

ተነሥታ ሳይክሏን ቀና አደረገች። የፊት ጎማውን አሽከርክራ አየችው፤ አይነካም። «ልጅቷ ስሟን ሁለት ጊዜ እንደጠራ ታምናለች። በየሌሊቱ ትነግረኛለች። እኔ አላፈርስባትም። ያልሆነ መሆኑን አንተው ንገራት» አለችና ሄደች።

በማግስቱ ሄጄ ነገርኋት። ግቢው ውስጥ፣ እናቷ ደጃፍ ላይ ቆማ። አጠገቡ እንዳልነበርሁ፣ ምን እንዳለ እንዳልሰማሁ፣ እንደዋሸኋት። ልጅቷ ጫማዋን እያየች አዳመጠችኝ። ትቆጣኛለች፣ ታለቅሳለች ብዬ ነበር። «እና እኔን አልጠራም?» አለች። «ጠርቶ ሊሆን ይችላል፤ እኔ አልነበርሁም» አልኋት። አሰበችበትና «አንተ ካልነበርህ ታዲያ ለምን ሁለት አልህ?» አለችኝ።

ከዚያ ወዲህ ጥቂት ዓመታት አልፈዋል። ሚስቱ አሁንም በዚያችው ሳይክል ቢሮ ትመላለሳለች። ጥገናውን ራሷ ተምራለች፤ የማይፈታላት ነገር ሲኖር ብቻ ትልክብኛለች። እንነጋገራለን፤ ስለ ሰንሰለት፣ ስለ ልጅቷ ትምህርት፣ ስለ ዕቃ መወደድ። ይቅር ብዬሃለሁ ብላኝ አታውቅም፤ እኔም ጠይቄያት አላውቅም። የጎርጎራ እናቱ ሳይነገራቸው ሞቱ። ይነገራቸው አይነገራቸው እሷ ናት የወሰነችው፤ እኔን አላማከረችኝም፤ ማማከርም አይገባትም ነበር።

ድምፁ አልሄደም። እውነቱን ስናገር ይተወኛል ብዬ ጠብቄ ነበር። የተለወጠው አንድ ነገር ነው፤ ድሮ ስሰማው ፔዳሉን እረግጣለሁ፣ አሁን ዝግ እላለሁ።

በወር አንዴ በማለዳ ብቻዬን ወደ ሽማግሌው እወርዳለሁ። ዓይናቸው ደክሟል፤ ደንገሉን በዳሰሳ ነው የሚያስሩት። የእምቦጭ አረም ዳርቻውን እንደሸፈነው፣ ዓሣው እንደራቀ፣ ልጃቸው ቁንዝላ ጀልባ እንደገዛ ያጫውቱኛል። ስለዚያ ቀን አንሥተውብኝ አያውቁም። አጠገባቸው ተቀምጬ ገመድ እይዝላቸዋለሁ። ሦስት ሰዓት ሲሆን በቅሉ ውሃ ይሰጡኛል፤ ሁሉንም እስክጠጣ ይጠብቁኛል። ከዚያ «ፀሐዩ ሳይበረታ ተመለስ» ይሉኛል። እመለሳለሁ።